እትዬ ሙሉሸዋና ዘጠነኛው ተሳፋሪ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ ቦርሳው ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ይዞ የሚዞር አንድ ሰው አይጠፋም። ሠርግ ላይ ታገኘዋለህ፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስትጠብቅም ታገኘዋለህ። ጤንነትህን ይጠይቃል፣ የልጆችህን ደኅንነት ስም በስም እየጠራ ይጠይቃል፣ ከዚያ እጁን ወደ ቦርሳው ይሰዳል። «አንድ ነገር ላንብብልህ» ይላል። ያን ጊዜ ያልጠራ ስልክ ታነሣለህ።

የእኛ የናይሮቢዎቹ ሰው ክብርት ወይዘሮ ሙሉሸዋ ናቸው። ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ካሳራኒ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ኢምባካሲ አንድ መጋዘን ውስጥ በአውሮፕላን የሚጫን ዕቃ ሰነድ ይሞላሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ሲመላለሱ ይጽፋሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት የጻፉት አንድ ተውኔት ነው፦ ናይሮቢ «ጃም» በምትለው የመኪና መጨናነቅ ውስጥ የቆመ ማታቱና በውስጡ የተቀመጡ አሥራ አራት ተሳፋሪዎች።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት ማይክሮፎኑን ሲይዙ ፓስተሩ ሰዓቱን ያያል። «ለአውተር ሪንግ መንገድ ጃም ጌታ ይመስገን» አሉ አንድ ቀን። «ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመን አንድ ትዕይንት ጨረስኩ። መንገዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ግማሽ ገጽ አይሞላልኝም ነበር።» ከምእመኑ አብዛኛው በዚያው ጃም ሥራ የረፈደበት ስለነበር «አሜን» ያለው ከግማሽ አይበልጥም። ሌላ ጊዜ የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ ተነሥተው «ሦስተኛው ገቢር ተዘግቶብኛል፤ እንዲከፈትልኝ ጸልዩልኝ» አሉ። ጸለይን። ተከፈተ። ለሦስት ሳምንት ሲያነቡልን ከረሙ።

አብዛኞቻችን ናይሮቢን እንደ መንገደኛ ማረፊያ ነው የምንኖርባት። ሻንጣችን አልጋ ሥር ነው። ሌላ አገር የሚያሻግረንን ጉዳይ «ፕሮሰስ» እንለዋለን፤ እሱ እስኪያልቅ መጋረጃ እንኳ አንገዛም። እትዬ ሙሉሸዋ ግን ካናዳ ወንድማቸው ፍሥሐ ጋ የሚወስዳቸውን ፕሮሰስ እየጠበቁ፣ ከመንገድ ዳር አናጢዎች ትልቅ የጽሕፈት ጠረጴዛ አሠሩ። ሦስት ሰው እያለከለከ አራተኛ ፎቅ አወጣው።

«እትዬ፣ ሊሄዱ አይደል እንዴ? ይሄን ማን ሊሸከመው ነው?» አለቻቸው ጎረቤታቸው ዘመናይ።

«እስክሄድ የት ልኑር ታዲያ?»

ባለፈው መጋቢት፣ ከዐሥራ አራት ዓመት ጥበቃ በኋላ፣ ፕሮሰሳቸው ውድቅ ሆኖ ተዘጋ። በስልካቸው የገባው መልእክት ሁለት መስመር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ልናጽናና ዐሥራ ሁለት ሆነን ሄድን። ደረጃውን ስንወጣ ማን ጸሎት እንደሚጀምር፣ ማን ምን ጥቅስ እንደሚያነብ ተነጋግረን ነበር።

እሳቸው ሻይ ሰጡን፤ ከሻዩ ጋር ወረቀት አደሉን።

«ከመጣችሁ አይቀር ድምፃችሁን ልስማው» አሉ።

ለማልቀስ የሄድን ሰዎች የተሳፋሪ ቁጥር ተሰጠን። እኔ ዘጠነኛው ነኝ። ዘጠነኛው ተሳፋሪ ሱፍ ለባሽ ነው፤ ዌስትላንድስ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት ይጽፋል፤ ከጎኑ ለተቀመጠ ሁሉ «ጊዜ ሳገኝ አንድ መጽሐፍ እጽፋለሁ» ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ሁሉም ዞሮ አየኝ። የምሠራው ዌስትላንድስ፣ የምጽፈውም ሪፖርት ነው። ይህን ቃል ናይሮቢ ከመጣሁ ጀምሮ፣ ለዘጠኝ ዓመት፣ ያልነገርኩት ሰው የለም።

ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እትዬ ሙሉሸዋ ቀድመውኝ ገብተው ኖሯል። ቧንቧውን ከፍተው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ውሃውን የከፈቱት ልቅሶው እንዳይሰማ ነበር።

«እትዬ» አልኩ።

«ፍሥሐን አላየውም እኮ» አሉ ሳይዞሩ። «ልጆቹ የሚያውቁኝ በስልክ ነው።»

የተዘጋጀሁበት ጥቅስ ጠፋኝ።

«ከተማዋን ስለምወዳት ያልከፋኝ መስሏችሁ ነው?» አሉ። «እወዳታለሁ። ማንም በማያውቀኝ ጊዜ ተቀብላኛለች። ሥራ ሰጥታኛለች። በየቀኑ አንድ የምጽፈው ሰው ፊቴ ታስቀምጥልኛለች። አመሰግናታለሁ። ግን ከፍቶኛል።» ቧንቧውን ዘግተው ፊታቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። ከዚያ አዩኝ። «ዘጠነኛው ቅር አሰኘህ?»

«ትንሽ።»

«ጥሩ። እንዲያው ቅር እንዳለህ አንብበው።»

ሦስት ወር ተለማመድን። ሰኔ ላይ ካሳራኒ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራየን፤ አሥራ አራት የፕላስቲክ ወንበር ደረደርን። የማታቱዋ ኮንዳክተር ራሄል ነበረች፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ባንክ የምትሠራ ልጅ። «ሶንጋ፣ ሶንጋ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ግማሽ ቂጥ ለሁሉም ይበቃል» እያለች ተሳፋሪውን ስታጠጋጋ፣ ግማሽ ስዋሂሊ ግማሽ አማርኛ ስለምትናገር፣ የተጋበዙት ኬንያውያን ጎረቤቶች ከእኛ ቀድመው ሳቁ። ዘመናይ ፊት ለፊት ተቀምጣ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛለች። በስልኩ ውስጥ ፍሥሐና ልጆቹ አሉ።

የእኔን ቃል ስናገር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጆሮዬ ጋለ። መጨረሻው ላይ ግን ጃሙ ይከፈታል፤ ሁሉም ይደሰታል፤ ዘጠነኛው ብቻ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ሾፌሩን «እባክህ ትንሽ ቆይልኝ፣ ልጨርስ» ይለዋል። በልምምድ ሠላሳ ጊዜ ብዬዋለሁ። በዚያ ቀን ግን የምሬን አልኩት። እኛን ሁሉ ሲያነቡን የከረሙት ሴትዮ፣ ለእኔ ያልጀመርኩትን ሥራ ጀምረውልኝ ነበር።

ጭብጨባው ሲነሣ እትዬ ሙሉሸዋ ወጥተው መጀመሪያ እጅ የነሡት ወደ ዘመናይ ስልክ ነው። ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሕፃን ድምፅ «አክስቴ እሷ ናት?» ሲል ተሰማ።

ሰው ከሄደ በኋላ ወንበሮቹን እየደራረብን ሳለ አጠገቤ መጡ።

«ቀጣዩ ስለ ዌስትላንድስ ቢሮዎች ነው» አሉ። «ውስጡን ግን አላውቀውም። ሰው እንዴት ይናገራል? አለቃ ሲገባ ማን ማን ይነሣል?»

ማንን ሊስሉ እንደሆነ ገባኝ። ከዓመት በፊት ቢሆን ስልክ የተደወለልኝ መስዬ እሸሽ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ቀጥታ ወደ ጥበቃዎቹ ሄጄ የእንግዳ መዝገቡን አስከፈትኩ። የእትዬ ሙሉሸዋን ስም በትልቁ ጻፍኩ። ቀን በሚለው ፋንታ «በፈለጉት ቀን» አልኩ። የሚመጡበት ምክንያት በሚለው ላይ ትንሽ አሰብኩና «ሥራ» ብዬ ጻፍኩ።