መኪናዋ መንገዱን ታውቀዋለች

ቀምሶ መሪ የሚጨብጥ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ሰካራም ሹፌር ግን አንድም አይገኝም። ጠይቁ። ሁሉም "ትንሽ ሞቅ ብሎት" ነው እንጂ የሰከረ የለም።

የእኛው ክቡር ፍሬን ሠሪ የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። በሥራቸው ቀልድ አያውቁም። የደንበኛ ፍሬን ትንሽ ካመነታ ቁልፉን ቱታቸው ኪስ ይከቱና "ሰው ገድለህ ልትመጣ ነው?" ብለው ይቆጣሉ። ግብዣ ላይ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ካሉ ወዲያ ግን ሌላ ሰው ናቸው።

"እኔ እኮ ስጠጣ ነው ጥንቃቄዬ የሚጨምረው። ደግሞም መኪናዋ መንገዱን ታውቀዋለች።"

ስለ ጥንቃቄው አልዋሹም። አንድ ቀን ከመጠንቀቃቸው ብዛት ጋሪ የሚገፋ ሰው ቀደማቸው። ሌላ ጊዜ አረንጓዴ መብራት ላይ ቆመው ቀዩን ጠበቁ። አንዴ ደግሞ ጎረቤት ደጃፍ አቁመው፣ "ማነው በሬን ሰማያዊ የቀባው?" ብለው ባለቤቱን አፋጠጡት።

ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ናት። በተናገረች ቁጥር የምታገኘው መልስ አንድ ነው፤ "እስከ ዛሬ ደርሻለሁ ወይስ አልደረስኩም?"

ደርሰዋል። ጣጣውም እሱ ነው። አምላክ በምሕረቱ ያደረሳቸውን ሁሉ ከራሳቸው ችሎታ ይቆጥሩታል። እሷ ግን ስፌቷ ላይ አጎንብሳ ስትጸልይ የምታዝነው ለጠባቂ መልአካቸው ነበር። "እሱም እኮ ይደክመዋል! እረፍት የለው፣ ምስጋና የለው" ትላቸዋለች።

ባለፈው እሑድ የወንድማቸው ልጅ ሠርግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ክቡርነታቸው ብርጭቋቸውን ጨልጠው ቁልፉን በጣታቸው እያሽከረከሩ ወጡ። ትንሿ ልጃቸው ቀድማ ሮጣ የኋላ ወንበር ላይ ወጣችና ቀበቶዋን አሰረች።

"አባዬ፣ እኔ ካንተ ጋር ነኝ!"

ሚስትየው ልታወርዳት እጇን ዘርግታ ነበር፤ ግን መልሳ ሰበሰበችው። የመኪናውን በር ይዛ ቆመች።

"እሷን እያየህ ደህና ነኝ በለኝና ትሂድ" አለች። እጇ ግን ከበሩ አልተነሳም።

"ምን ማለትሽ ነው? እኔ እኮ..." ብለው ጀመሩና ልጅቷን አዩ። ቀበቶዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ትስቅላቸዋለች።

ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩ። የፍሬኑን ፔዳል በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

"ውረጂ የኔ እናት፤ ፍሬኗ ላልቷል።"

እድምተኛው በሳቅ ፍርስ አለ። ግማሹ ደንበኛቸው ነው።

"ጋሼ፣ የራስዎ ፍሬን ላልቶ የኛን ማን ይመነው?" አለ አንድ ታክሲ ነጂ። "የኔን እኮ አርብ ዕለት ነው የሠሩልኝ!"

"ሰኞ አምጣት፣ በነጻ አይልሃለሁ" አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያካበቱትን ስም በአንዲት ቃል ሠርግ ቤት ደጅ ላይ ጥለው፣ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አዘገሙ።

ሚስትየው ውሸት አትወድም። ታክሲ ነጂው ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ እውነት ፍሬኑ ነው?" ሲላት ግን ነጠላዋን አስተካክላ ዓይኗን ከባሏ ጀርባ ሳትነቅል መለሰች።

"እሱ ላልቷል ካለ ላልቷል። በዚህ ሥራ የሚስተካከለው የለም።"