የጋሽ ዓባይነህ ድንክ ኮሶ

ማንም ሳይጠይቀው የሚያስተምር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የእኛ የኮሶበሩ ግን ከሁሉም ይብሳል። ክቡር መምህር ዓባይነህ፣ ከእናቴ ቤት አጥር ማዶ የሚኖሩት ጡረተኛ፣ ዛፍ እንዳያድግ ማድረግን ያስተምራሉ።

ቦንሳይ ይሉታል። አንዲት የኮሶ ችግኝ ያረጀ ድስት ውስጥ ተክለው፣ ሥሯን እየከረከሙ፣ ቅርንጫፏን በሽቦ እያሰሩ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከክንድ በታች አቆይተዋታል። ይህንን ሁሉ በስልካቸው ቀርጸው በቻናላቸው ይለቁታል። ሁሌም ሲጀምሩ፣ «የተከበራችሁ ተማሪዎቼ፣ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ዛፏን አስፈቅዱ!» ይላሉ። የተከበርነው ተማሪዎች አርባ አንድ ነን።

ዛፍ ተክሎ በአራት ዓመቱ ከሰል በሚያደርግ አገር ይሄ እንደ እብደት ነው የሚታየው። አንድ ከሰል ነጋዴ ድስቷን ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ «መምህር፣ ይቺ ስንት ማዳበሪያ ከሰል ይወጣታል?» ቢላቸው እስከ ፋሲካ ሰላም አላሉትም።

እኔ የምሠራው ጫግኒ ነው። ያ ሙቀት! በምሳ ሰዓት የጋሽ ዓባይነህን ትምህርት ስከፍት የሥራ ባልደረባዬ ሽታዬ ትስቅብኛለች። «ሰውዬው ዛፍ ከማሰቃየት ሌላ ሥራ የላቸውም?»

«አርፈሽ ብዪ! ሰው ሲያሰቃይ የሚውል ስንት አለ፤ እሳቸው ዛፍ ቢከረክሙ ምን አጠፉ?»

እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ዛፏ አንድም ነገር ገብቶኝ አያውቅም። የምከፍተው የኮሶበር ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የጋሪ ፈረስ በደጅ ሲያልፍ ለመስማት ነው። አሥራ ሰባተኛው ትምህርት ላይ ደግሞ እናቴ እታለማሁ ከአጥሩ ማዶ ትጮሃለች፦ «አንተ ዓባይነህ፣ ምን አድርጋህ ነው? ተዋት እንጂ ትደግ!»

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ድምጿ ያለኝ እዚያ ብቻ ነው። በጣም ትናፍቀኛለች።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ክቡር መምህር ማስታወቂያ ለቀቁ። «የተከበራችሁ ተማሪዎቼ፣ ድምፁ አይጠራም ስላላችሁኝ፣ ጫጫታ ያለባቸውን የድሮ ትምህርቶች አጥፍቼ እንደ አዲስ እቀርጻለሁ።»

ክው አልኩ። ወዲያው ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆራርጦ በአራተኛው አገኘኋቸው።

«ጋሽ ዓባይነህ፣ በእናትዎ፣ አሥራ ሰባተኛውን እንዳያጠፉብኝ!»

 

«የእታለምን? እሱንማ ማን ይነካዋል! በየጠዋቱ ዛፏን ሳጠጣ እከፍትላታለሁ።»

«ለዛፏ?»

«ታዲያስ!»

«ታዲያ በየቀኑ ‹ትደግ› እየተባለች ገና ክንድ አልሞላችም እኮ፤ ትናንት ቪዲዮው ላይ አየኋት።»

«የቪዲዮዋ ሌላ ችግኝ ናት። አንተ መቼም ትምህርት አይገባህ!» አሉና ድምፃቸው ቀነስ አለ። «እታለም ካረፈች ወዲህ በዚያችኛዋ ላይ መቀስ ማንሳት አቃተኝ። ከድስቷ አውጥቼ አጥራችሁ ሥር ተከልኳት። ደረቴ ደርሳለች፤ ና እና እያት።»