ትከሻ ያወጣችው ቪትዝ

በየሰፈሩ፣ ፋብሪካው ሥራውን ሳይጨርስ መኪና የሸጠለት የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። በጅግጅጋ፣ በኬክ ጋጋሪዋ በንጋቷ ሰፈር፣ እኚህ ሰው ክቡር ኢንጂነር ትግሉ ናቸው። ምሕንድስናውን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ መሥሪያ ቤታቸው የሚያውቃቸው በሒሳብ ሠራተኛነታቸው ነው።

ኢንጂነሩ ቪትዛቸው እንደ ሹም ላንድክሩዘር ደረቷን ነፍታ እንድትቆም ፈለጉ። ስለዚህ ከየጎማው ጀርባ ስፔሰር የሚባለውን ወፍራም የብረት ቀለበት አስገብተው አራቱንም ወደ ውጭ ገፏቸው። "ሰፋ ያለ አይወድቅም!" ሲሉም ለሰፈሩ አወጁ።

መኪናዋ እውነትም ትከሻ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ግን በታጠፈች ቁጥር ጎማዋ ፓራፋንጎዋን፣ የጎማ ሽፋኗን፣ ይፍቃል። መሪዋ እምቢ እንዳለ ግመል ወደ ፈለገበት ይጎትታል። ጎማው ከሽፋኑ ስለወጣ፣ በዝናብ ቀን ጭቃው ያላዳረሰው ጎረቤት የለም። ኩሽኔታዋ ቶሎ ቶሎ ይበላል። መካኒኩ ጀዕፈር "ኢንጂነር፣ ስፔሰሩ ይውጣ በቃ" ባላቸው ቁጥር፣ ስለ አዲስ ተጋቢዎች እንደሚያወራ ሽማግሌ፣ "ገና እየተላመዱ ነው" ይሉታል።

ንጋቷ ለጓደኛዋ ለረቢዓ ሰርግ ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ጋግራ ጎረቤት ከተማ ቱሊ ጉሌድ ልታደርስ ቃል የገባችበት ቀን ሲደርስ ሌላ መኪና ጠፋ። ኬኩን ታቅፋ ቪትዟ ውስጥ ገባች። ከከተማ እንደወጡ መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

"ኢንጂነር፣ ምን ሆና ነው?"

"ደስታ ነው። ሰርግ እንደምትሄድ አውቃለች።"

ወዲያው አንድ ጎማ በቀኝ በኩል ቀድሟቸው አለፈ።

"የማነው ዝርክርክ!" አሉ ኢንጂነሩ በንቀት። መልሱን ያገኙት ቪትዟ አፍንጫዋን አስፋልቱ ላይ ስታሳርፍ ነው።

መንገድ ዳር ፍየል ይነዳ የነበረ ሂርሲ የሚባል እረኛ ጎማውን እያንከባለለ መለሰላቸው። "አዴር፣ አጎቴ፣ ይሄስ ያለ እናንተ ቱሊ ጉሌድ ሊገባ ነበር።"

የኬኩ ላይኛው ፎቅ ታችኛው ውስጥ ሰምጧል። የንጋቷ ዕንባ መጣ። ኢንጂነሩ ክሪክ አውጥተው መኪናዋን አነሱ። ስፔሰሮቹን ሁሉ ፈቱ፤ ለወለቀው ጎማ ከሌሎቹ አንዳንድ ብሎን ወስደው አሰሩ። ሰርጉ ቤት ሲደርሱ ቀለበቶቹን በሳሙና አሽተው አጠቡ፤ በፎይል ጠቀለሏቸው፤ ንጋቷ የሰመጠውን ቦታ ስትከፍትላቸው አራቱንም ደራርበው እንደ ምሰሶ አቆሙ። ላይኛው ፎቅ ምሰሶው ላይ ተቀምጦ ቀጥ አለ። ስንጥቁን ንጋቷ በክሬም ደፈነችው።

ሙሽሮቹ ቢላዋ ሲሰዱ ኬኩ "ቃጭ!" አለ።

"ንጋቷ፣ ምን ከተሽበት ነው?" አለች ረቢዓ።

ኢንጂነሩ አንገታቸውን ደፉ። የሱሪያቸው ጉልበት ላይ ግራሶው እንዳለ ነው። ንጋቷ አየቻቸውና ደረቷን ነፋች።

"ዲዛይን ነው" አለች። "ሰፋ ያለ አይወድቅም።"