ከወገብ በታች ጅራት

ሰዓሊ ሲፈራ ምን እንደሚስል ታውቃላችሁ? ሴት ይስላል። ከወገቧ በላይ ያለውን ሲሠራ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ የሚያምር ፊት፣ ትከሻ ላይ የፈሰሰ ጸጉር፣ ደስ ካለውም ማበጠሪያና መስታወት ያስይዛታል። ወገቧ ላይ ሲደርስ ግን የሆነ ነገር ትዝ ይለዋል መሰለኝ፣ ጨከን ይልና ጅራት ይቀጥልባታል። ባሕር የሚፈራው የዓሣ፣ ምድር የሚፈራው የእባብ። ጅራት ያለው ወንድ እንደ ልብ አይገኝም። ካገኛችሁ ፎቶ አንሱና ላኩልኝ።

ይህን የምላችሁ ተምሬ እንዳይመስላችሁ። እኔ ከአሥረኛ ክፍል የወጣሁት በበሩ ሳይሆን በአጥሩ ነው፤ ይህንንም ያወቅሁት በረዶ አባርሮኝ ነው። ዴንቨር ላይ ሰው እያመላለሰ የሚኖር ሁሉ የግንቦት በረዶ ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ ለጥቂት ደቂቃ ይወርድና የመኪናህን ጣሪያ የተቀጠቀጠ ሳህን አስመስሎት ይሄዳል። መሐል ከተማ ተሳፋሪ እንዳወረድኩ ሰማዩ ጠቆረ፤ ቅርብ ያገኘሁት ጣሪያ ያለው ፓርኪንግ የሙዚየም ነበር። ፓርክ አደረግኩ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ከማፍጠጥ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

የገባሁበት ክፍል የድሮ ፈረንጆች ሥዕልና ቅርጽ የተሰበሰበበት ነው፤ የመካከለኛው ዘመን ይሉታል። መጀመሪያ የተቀበለችኝ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ላይ የተነሳች የድንጋይ ሴት ናት። ሁለት ጅራት አላት፤ ሁለቱንም ግራና ቀኝ በእጇ አንጠልጥላ፣ ፌስታል ይዛ ከገበያ የምትመለስ ሰው ትመስላለች። ሥሯ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ የተቀረጸችው ምእመናንን ከፈተና ለማስጠንቀቅ ሳይሆን አይቀርም ይላል። እስቲ አስቡት። ሰውዬው ሊጸልይ ቀና ሲል የሚያያት እሷን ነው፤ ሐሳቡ ሲበተንበት ጥፋቱ የእሷ ይሆናል። እሷ እኮ ድንጋይ ናት። የትም አልሄደችም።

ከእሷ ቀጥሎ የገነት ሥዕል አለ። እባቡ ዛፉ ላይ ተጠምጥሟል፤ ጭንቅላቱ ግን የእባብ ሳይሆን የሴት ነው። ይህም ይሁን። የገረመኝ ፊቱ የሔዋን መሆኑ ነው፤ ያው አፍንጫ፣ ያው ከንፈር፣ ያው ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ያለ አንገት። አዳም ከጎን ቆሞ ነገሩ የማይመለከተው ጎረቤት ይመስላል። ሰዓሊው ሰነፍ ነው ብዬ አለፍኩ፤ የሚያውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነው፣ እሷኑ ሁለቴ ሣላት። በረዶው ቆመ፣ ወጣሁ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር።

እህቴን አዜብን አታውቋትም። ታላቄ ናት፤ ከእሷ በላይ ወንድማችን ዳዊት አለ። እንግልውድ ውስጥ በአንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ትሠራለች፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ መጨረሻው የደረሰውን ደግሞ እጁን ይዞ መቀመጥ። አግብታ ነበር፣ አልሆነላትም፤ አልወለደችም። ሕፃን ባለበት ቤት ከገባች ሌላ ሰው አይታያትም፤ ሰላም ሳትለኝ የወጣችበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳዊትና ሚስቱ ምሕረት የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ሴት ልጅ፣ የወለዱ ጊዜ አዜብ ከሥራ ወጥታ በሁለት አውቶቡስ እነሱ ያሉበት ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር ድረስ ትሄድ ነበር። እነሱ እንዲተኙ እሷ ልትነቃ።

ሕፃኗ በሁለት ወሯ በእንቅልፏ ሞተች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወላጆቿ ሥራ ላይ ነበሩ። ጡጦ ሰጥታ ያስተኛቻት አዜብ ናት፤ ገብታ ያገኘቻትም አዜብ ናት። ሐኪሞቹ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፣ የማንም ጥፋት አይደለም አሉ። ዳዊትም ለቅሶው ላይ አዜብን አቅፎ ይህንኑ ቃል በቃል ደገመላት። በጣም አጥርቶ ነው የተናገረው። ሰው የሚያምንበትን ነገር እንደዚያ አጥርቶ አይናገርም፤ የሚያምንበትን ሲናገር ይንተባተባል።

ዘንድሮ ወንድ ልጅ ተወለደ። የምሕረት እናት እማማ አስካለ ልጃቸውን ሊያርሷት ከደብረ ማርቆስ መጡ። ከአየር ማረፊያ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ በዊልቸር እየተገፉ ሲወጡ ጭናቸው ላይ አንዲት ትንሽ የቆዳ ማኅደር አጥብቀው ይዘው ነበር። ሻንጣቸው የት እንደገባ እንኳ አልጠየቁም።

ከዚያ በኋላ አዜብ አራስ ልትጠይቅ በተነሳች ቁጥር አንድ ነገር ይፈጠር ጀመር። ሕፃኑ ተኝቷል። ምሕረትን ትንሽ አሟታል። ሰሞኑን መጦሪያ ቤቶች ውስጥ ጉንፋን ገብቷል አሉ፣ እንዳታመጪብን። ሁሉም በቴክስት፣ ሁሉም ከዳዊት ስልክ፣ ሁሉም በሳቂታ ፊት የታጀበ። አዜብ የምትፈልገው ልጁን አንዴ ማቀፍ ብቻ ነበር፤ ግን አትከራከርም። አጥሚት ትሠራና ለእኔ ትሰጠኛለች፤ እኔ አደርሳለሁ፤ ዳዊት በር ላይ ይቀበለኛል፤ ድስቱ ታጥቦ ባዶውን ይመለሳል። በእኛ ዘንድ ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢቀር አንድ ብርቱካን ጣል ይደረግበታል። አዜብ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታይና መደርደሪያው ላይ ትሰቅለዋለች።

እኔ ጥፋተኛውን ወዲያው አገኘሁት። እማማ አስካለ ናቸዋ። ሌላ ማን ይሆናል? ሕፃን በዓይን ይበላል የሚል ሐሳብ ከእሳቸው በቀር ማን ከዚያ ቤት ያመነጫል? ዳዊት እንደሆነ ኮምፒውተር የተማረ፣ አገር ቤት ሳለን እንኳ በእንዲህ ያለው ወሬ የሚስቅ ሰው ነው። እናንተም ብትሆኑ እሳቸውን ነበር የምትጠረጥሩት። በሆዴ ስሰድባቸው ከረምኩ፤ ፊት ለፊት ግን እንደምን አደሩ እማማ፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል።

አንድ እሑድ ሳንነግራቸው ሄድን። ዳዊት በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍቶ፣ ገና አሁን ተኛ አለ። ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። አዜብ ልቅሶውን ሰማች፣ ዳዊት መስማቷን አየ፣ እኔ ሁለቱንም አየሁ። እሺ፣ ይደግ ብላ ዞረች። ወደ ቤቷ ልመልሳት አልሆነልኝም፤ የት እንደምወስዳት ግራ ቢገባኝ ሙዚየም ወሰድኳት። ያዘነን ሰው መናፈሻ ነው የሚወስዱት፤ አውቃለሁ።

የድንጋይዋን ሴት አይታ ሳቀች። የገነቱ ሥዕል ፊት ግን ቆማ ቀረች። ሰዓሊው ሰነፍ ነው ያልኩትን ነገርኳት።

"አልሰነፈም" አለች። "እባቡን አንዴ በእሷ ፊት ካየኸው በኋላ፣ እሷን ስታይ የሚታይህ እባቡ ነው።"

በሳምንቱ ቅዳሜ ስልኳ ጮኸ፤ በምሕረት ስልክ የደወሉት እማማ አስካለ ነበሩ። ምን በድለናት ነው የልጁ አክስት ደጃችንን የተወችው ብለው ጀመሩ። ልጁ ነገ ክርስትና ሊነሳ ነው፣ አክስቱ እስካሁን አላቀፈችውም፣ ይህ ምን ዓይነት አገር ነው ብለው ቀጠሉ። አጥሚቷን እየጠጡ ሲመርቋት እንደከረሙም ነገሯት። አዜብ ስፒከር ላይ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ያን ሁሉ ስድቤን የት እንደማስገባው አጣሁ።

ሄድን። በሩን የከፈቱልን እሳቸው ናቸው። ፊት ለፊት፣ ከሕፃኑ አልጋ በላይ፣ በጥቁር ፍሬምና በመስታወት ውስጥ አንድ ረጅም ክታብ ተሰቅሏል።

ለማታውቁት፦ ይህ ክታብ ለአራስና ለሕፃን ጥበቃ ተብሎ በብራና የሚጻፍ ነው። ካህናቱ ሲጠየቁ ይነቅፉታል፣ ካልተጠየቁ ዝም ይላሉ። ሥዕልም አለው። አንድ ጻድቅ ፈረስ ላይ ሆኖ አንዲት ሴት በጦር ይወጋል፤ ሴቲቱ ከላይ ሰው፣ ከታች እባብ ናት። ሕፃናትን የምትገድል ናት ይባላል፤ ሕፃን ባለበት ቤት ስሟ ስለማይጠራ እኔም አልጠራውም። እንግዲህ ባሕር ማዶ ያለው ሰዓሊና የእኛው ደብተራ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ጅራት ቀጥለዋል። የእኛው ላይ ግን አገር ቤት ያደገ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ሴቲቱ የገደለችው የዚያኑ የጻድቁን ልጅ ነው። የጻድቁም እህት ናት።

አዜብ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ መሐል ቆመች። ወዴት እንደምታይ ያዩት እማማ አስካለ ደንግጠው ማስረዳት ያዙ። እሳቸው ያመጡት በማኅደሩ እንደተሰፋ ነው፤ ተዘግቶ ሕፃኑ ራስጌ ይውላል እንጂ ማንም አይፈታውም፣ ማንም አያየውም። ስፌቱን ተርትሮ መስታወት ውስጥ የከተተው ዳዊት ነው። ቅርስ ነው አለኝ፣ እኔ የናንተን አገር ምን አውቃለሁ አሉ።

ዳዊት የሶፋውን ትራስ ያስተካክል ነበር።

"ዳዊትዬ" አለችው አዜብ፣ ልጆች ሳለን እንደምትጠራው ለስለስ አድርጋ። "ፈረስ መቼ ገዛህ?"

"ሥዕል ነው አዜብ" አለ። "ሥዕል ብቻ ነው።"

ምን ማለትሽ ነው ብሎ አልጠየቃትም።

እማማ አስካለ ነገሩን ሊያበርዱት ይመስለኛል፣ ሕፃኑን ከአልጋው አንስተው "እንቺ ልጄ፣ ልጅሽ ነው" ብለው ክንዷ ላይ አኖሩላት። አያያዟን ባያችሁ። አንገቱን በመዳፏ ደግፋ፣ ክርኗን ከጎኗ አስጠግታ፣ ትንፋሿን ወደ ሌላ በኩል መልሳ። ሕፃኑ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ተኛ። ምሕረት ከወጥ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዳዊት ትራሱን ተወው። ሁላችንም ወደ አንድ ቦታ እናይ ነበር። ወደ አዜብ አይደለም፤ ወደ ሕፃኑ ፊትም አይደለም። ደረቱን ነው። ከፍ ይላል ወይ፣ ዝቅ ይላል ወይ። መራቂዋ እማማ አስካለም ያንኑ ያያሉ። እኔም።

አዜብ ቀና ብላ አየችን፣ በየተራ። እኔ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ልጁን ለምሕረት አቀበለቻትና "በጀርባው አስተኚው፣ አደራ" አለች። እማማ አስካለ ነገ ቤተ ክርስቲያን ትመጪ የለ ሲሏት፣ ሥራ ነኝ እማማ ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

መንገድ ላይ ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የምለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳዘጋጅ እንግልውድ ደረስን፤ የአዳር ሺፍት ነበረባት። መጦሪያው ደጅ ላይ አንድ ፈረንጅ እናቱን ጠይቆ ሲወጣ አገኘን። ገና ሲያያት ፊቱ ተፈታ፤ ዛሬ አንቺ ነሽ የምታድሪው ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። እንግዲያው እኔም ተኝቼ አድራለሁ አለና ወደ መኪናው ሄደ።

ስሟን አስተካክሎ መጥራት እንኳ አይችልም።