ለውድድር የከሳ ሙሽራ

በእኛ አገር መወፈር የግል ጉዳይ ነው፤ መክሳት ግን የሕዝብ ነው። ሰው ቦርጭ አውጥቶ ብቅ ሲል «ተስማምቶሃል» ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። የከሳ እንደሆነ ግን ጎረቤት ይጠይቃል፣ የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል፣ ባለሱቁም ስኳር እየመዘነ በዓይኑ አንተን ይመዝናል። ምን ነካህ? ምን ጎደለህ? ዓይን ገብቶብህ ይሆን? «ስፖርት ነው» ብትል ደግሞ የሚያምንህ የለም። ስፖርት የሚያከሳው ወጣት ነው፤ አርባ ሊሞላው ትንሽ የቀረውን የወረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚያከሳው በሽታ ነው።

እኔ የከሳሁት በዋና፣ በብስክሌትና በሩጫ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን፣ ያውም ሳያርፉ በተከታታይ የሚወዳደሩበት ነገር መኖሩን የነገረኝ አዲስ አበባ ያለ አብሮ አደጌ ነው። ቆላ ውስጥ አንድ ሐይቅ ዳር ይካሄዳል፣ እንደ አንተ ያለ ጀማሪም ይመዘገባል አለኝ። ለምን እሺ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ለሩጫውና ለብስክሌቱ በምኖርባት የመንዝ ከተማ በመሐል ሜዳ መንገድ አላጣም፤ ያስቸገረኝ ዋናው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቆላው ወርጄ ወንዝ ውስጥ እንቦጫረቃለሁ። በሌላው ቀን ግን ቤቴ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዴ ተኝቼ አየሩን በእጄ እቀዝፋለሁ። አንድ ቀን አከራዬ በሩን ሲከፍቱ እንዲያ ሆኜ አገኙኝና ቀስ ብለው መልሰው ዘግተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው በጣም ለስልሷል።

ሰውነት ግን የሚገርም ፍጥረት ነው። መጀመሪያ ያኮርፋል። እግሬ እንደ ማገዶ ደርቆ የመሥሪያ ቤታችንን ደረጃ ስወርድ የማልጠራው ቅዱስ አልነበረም። ከዚያ ሳላውቀው ታረቀኝ። ያን የመንዝ ነፋስ ፊት ለፊት እየገፋሁ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ አልቆረጥ አለ። እንቅልፌ ከዶሮዎች ጋር ሆነ። ልቤም ዝግ ብላ መምታት ጀመረች፤ እንደ ዱሮው ለትንሹም ለትልቁም መደንገጡን ተወችው። ሆዴ ብቻ የጠፋውን ቦርጭ የሚፈልግ ይመስል የሚበላ ነገር አይቶ አያልፍም። የምበላው የት እንደሚገባ እኔም አላውቅም፤ ሱሪዬ ግን በቀበቶም አልቆም ብሏል።

እጮኛዬ መቅደስ ነርስ ናት። የእጄን የደም ሥር ይዛ ስትቆጥር ፊቷ በራ፤ ልብህ ዝግ ያለችው ጠንክራ ነው፣ በአንድ ምት ብዙ ደም ትገፋለች አለችኝ። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ከየት ይገኛል? ችግሩ፣ አባቷ ነርስ አይደሉም።

አቶ ሽፈራው ቀየት በምትባል የገጠር መንደር ገብስ የሚያርሱ፣ በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ልኬ ልጃቸውን ስጠይቅ ቦርጭ ነበረኝ፤ እሺ ያሉት ቦርጩንም ጭምር አይተው ነው። ሰርጉ ለግንቦት ተቆረጠ። ከዚያ ወሬው ከገበያተኛ ጋር ቀየት ደረሰ፤ ልጁ እያለቀ ነው ተባለ። በጥቅምት «መጥቶ ይታይ» የሚል መልእክት መጣብኝ። ቃላቸውን ሊያጥፉ ነው የሚል ጭምጭምታም ሰማሁ። መቅደስን ላጣ ነው ማለት ነው። ያች ጠንክራለች የተባለችው ልቤ ያን ቀን እንደ ከበሮ ተመታች።

ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ፤ ጥፋቴ በብስክሌት መሄዴ ነው። አቶ ሽፈራው እንደ ወጉ አቅፈው ሳሙኝ። ግን እጃቸው ከጀርባዬ አልነሣ አለ። በጣቶቻቸው አከርካሪዬን ይዘው እየዳበሱ ወረዱ፤ ወገቤ ላይ ሲደርሱ ጫን አደረጉ። ገበያ ውስጥ በግ ሊገዙ ሲሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ ዘውዴ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። በግ ብሆን ኖሮ ዋጋዬን የሚጠይቅ አልነበረም።

ገበታ ቀረበ። አማች ሊሆን የመጣ ሰው ቆንጠር አድርጎ፣ በቃኝ ብሎ፣ ተለምኖ፣ እንደገና ቆንጠር ማድረግ ነው ወጉ። እኔ ግን ያን ሁሉ ዳገት ፔዳል እየረገጥኩ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ሆዴ ወግ የት ያውቃል? ትሪውን ጨርሼ ቀና ስል ቤተሰቡ ሁሉ ባዶውን ትሪ ያያል። ወይዘሮ ዘውዴ ግን በሽታዬን ስላገኙት ፊታቸው ፈክቷል። ይህን ያህል እየበላ የሚከሳ ሰው ለብቻው አይደለም የሚበላው፣ ሆዱ ውስጥ የኮሶ ትል አለ አሉ።

መቅደስ ስለ ልብና ስለ ጡንቻ ልታስረዳ ሞከረች። አባቷ ፍቅር የያዘው ሐኪም አይታመንም ብለው አስቆሟት። ከዚያ ፈረዱ፤ ነገ ጠዋት ኮሶ ይጠጣ፣ ትሉ ከወጣ ሰርጉ እንደተቆረጠ ይሁን፣ ካልወጣ ግን በሽታው ሌላ ነው፣ ልጄን ለበሽተኛ አልሰጥም አሉ። ይግባኝ የሚባል ነገር አልነበረም።

አጎቷ ቤት አደርኩ። በማግስቱ ወይዘሮ ዘውዴ በገዛ እጃቸው የወቀጡትን ኮሶ በጣሳ በጥብጠው ከፊቴ ቆሙ። ኮሶ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ካልጠጣችሁ እስከዛሬ መራራ ስትሉት የኖራችሁትን ሁሉ ይቅርታ ጠይቁት። ለመቅደስ ስል ጨለጥኩት። ቀጥሎ የሆነውን በጨዋ አንባቢ ፊት አልዘረዝርም፤ ከቤቱ እስከ ጓሮው የሮጥኩትን ሩጫ ግን በልምምድ ዘመኔ ሁሉ ሮጬው አላውቅም። ሆዱ ውስጥ ትል እንዲገኝለት የተሳለ ስፖርተኛ በዓለም ላይ ካለ እሱ እኔ ነኝ። ትሉ ግን አልወጣም። ያልነበረ ነገር ከየት ይወጣል?

ከሰዓት በኋላ በክሳቴ ላይ ሌላ ክሳት ተጨምሮብኝ፣ ግድግዳ ተደግፌ ፍርዴን ጠበቅኩ። መቅደስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እዋሻለሁ፣ ይቺን ልጅ እወዳታለሁ። አቶ ሽፈራው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። በኋላ ድምፃቸው ተሰብሮ «ዘውዴ፣ ይህ ልጅ አያስለው፣ አያተኩሰው፣ ትል የለበት። ያከሳው ናፍቆት ነው» አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እኛም ልጅ ነበርን፣ ሰው በቀጠሮ ይገደላል ወይ፣ እስከ ግንቦት ቢቆይ አጥንቱ ነው የሚቀረው አሉ።

ምን ልበል? አባቴ፣ ያከሳኝ ልጅዎ ሳትሆን ብስክሌቴ ነው ልበል? አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ሰርጉን ከግንቦት ነቅለው ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ ተከሉት። መቅደስ የውድድሩን ቀን ታውቃለችና ዕንባዋ ሳይደርቅ ሳቅ አፈናት።

ያን እሑድ ተወዳዳሪዎቹ ሐይቁ ውስጥ ሲገቡ፣ ስንት ወር ለዋና፣ ለብስክሌትና ለሩጫ የተሰናዳው ሰውነቴ ካባ ተደርቦለት ቀየት ዳስ ውስጥ ገባ፤ እስከ ማታም ከተቀመጠበት ሳይነቃነቅ ሲያጎርሱት ዋለ።