በራዱ ውስጥ የተቀመጠው ኪኒን

እስቲ ወደ ቡፌያችሁ ዞር ብላችሁ እዩ። ያ ጠርዙ ወርቅ የተቀባው የሻይ ስኒ ለመጨረሻ ጊዜ ሻይ የተቀዳበት መቼ ነው? እናንተ የምትጠጡት ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ነው። አዲሱ ብርድ ልብስ ከነላስቲኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቷል፤ እናንተ በሳሳው ተጠቅልላችሁ የአሰላን ብርድ ትረግማላችሁ። ሶፋውን የሶፋ ልብስ ይሸፍነዋል፣ የሶፋውን ልብስ ደግሞ ሌላ ጨርቅ። ሪሞቱ እንኳ በላስቲክ ታሽጓል። ለምን? እንግዳ ይመጣላ! እንግዳው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እኛ ግን በገዛ ቤታችን የእንግዳ ዕቃ ዘበኛ ሆነን እናረጃለን። አትቀየሙኝ፣ ራሴንም ጨምሬ ነው የማማው።

ይህን ልማድ ለረጅም ጊዜ ጉዳት የሌለው ሞኝነት አድርጌ ነበር የማየው። የአከራዬን በራድ እስከከፈትኩበት ቀን ድረስ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ደሴ ተወልጄ አሰላ ተመደብኩ፣ ለሁለት ዓመት ብዬ መጥቼ ይኸው ቆጠራውን ትቼዋለሁ። ሙያዬ ካስተማረኝ ነገር ሁሉ እንደ ሰዓት የማከብረው ነገር የለም። «በቀን ሦስት ጊዜ» ስላችሁ ሦስት ጊዜ ማለቴ ነው፤ ስታስታውሱ፣ ጎረቤት ሲሄድ፣ ምሳው ሲደርስ ማለቴ አይደለም። ሰው መድኃኒት ሲያዛባ ደሜ ይፈላል። ይህን ጠባዬን ከአከራዬ ከእማማ ሩቂያ የበለጠ የሚያውቀው የለም፤ ብዙ ጊዜም ስቀውበታል።

እማማ ሩቂያ በጉልበታቸው ዘመን ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ከሮቤ ገበያ እስከ ጎበሳ የማያውቃቸው የለም፤ ቅቤ ሳይቀምሱ፣ በጣታቸው ብቻ አሽተው፣ ከየትኛው ሰፈር ላም እንደመጣ ይናገሩ ነበር ይባላል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ቃሲም። እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው ቃሲም አዲስ አበባ ሲማር ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ። ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና ከተቀመጠ እዚህ ሁሉም ሰው ስለሚንቀጠቀጥ ማንም አልተከራከራቸውም። ብርዱ አልፎ ፀሐይ ወጣ፣ እጁ ግን አላረፈም። እግራቸውም መሬት ለመሬት መጎተት ጀመረ። ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ አላሰለቻችሁም። አንጎላችን ውስጥ አንዱ ነርቭ ለሌላው መልእክት የሚልከው በኬሚካል ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ዶፓሚን ይባላል። ይህን መልእክተኛ የሚሠሩት ሴሎች ቀስ በቀስ ሲሞቱ እጅ የታዘዘውን አይሰማም፣ ያልታዘዘውን ይሠራል። እኔ የምሰጣቸው ኪኒን የጎደለውን መልእክተኛ ይተካል፣ ለጥቂት ሰዓት። የሚሞቱትን ሴሎች ግን ከሞት አያድንም። ሴሎቹን የሚጠብቅ መድኃኒት ዓለም ሁሉ ይፈልገዋል፣ እስካሁን ያገኘው የለም።

ከፈላጊዎቹ አንዱ ቃሲም ነው። የእናቱን እጅ ባየበት ዓመት ሌላ ሊያጠና የነበረውን ትቶ ምርምሩን በዚህ ላይ አደረገ። የሚሠራውም በአይጥ ነው። አይጦቹ ጠዋትና ማታ፣ ደቂቃ ሳይዛነፍ፣ የሚሞከረውን መድኃኒት መውሰድ አለባቸው። ዒድ አያውቁም፣ እሑድ አያውቁም። አንድ ቀን ከተዛባ የወራት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ አሰላ በሚኒባስ ግማሽ ቀን እንኳ የማይሞላው መንገድ ለቃሲም የባሕር ማዶ ያህል ራቀ። እናቱን ለማዳን ከእናቱ ቀረ።

እማማ ሩቂያ በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ አይጦቹ ነው። «አይጦቹ እንዴት አደሩ? ጠገቡ?» ይላሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ቅናት አለ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰው አይጥ ለማጥፋት ድመት ያሳድጋል፣ የኔ ልጅ ለአይጥ ሞግዚት ሆነ» ይላሉ። እንስቃለን። ከሳቁ በኋላ ግን ስልኩን ወዲያው አያስቀምጡትም፤ ጭናቸው ላይ አድርገው በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጉታል፣ ይጠርጉታል። ናፍቆት እንዲህ ያለ ሥራ ፈት ነገር ነው።

የዚያ ዓመት ዓረፋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቃሲም እንደሚመጣ ደወለ። እማማ ሩቂያ የእንግዳውን ዕቃ ከቡፌው እንዳወርድላቸው ጠሩኝ፤ እጃቸው እንደዚያ ቀን ሲንቀጠቀጥ አይቼው አላውቅም ነበር። ስኒዎቹን አወረድኩ። በራዱን ሳነሳ ተንኳኳ። ከፈትኩት። እስከ አንገቱ በኪኒን ተሞልቷል።

እኔ ያመጣሁላቸው፣ እኔ በእጄ «በቀን ሦስት ጊዜ» ብዬ የጻፍኩባቸው ኪኒኖች! ጠዋት አንድ ውጠው የቀኑንና የማታውን በራዱ ውስጥ ሲያኖሩ ወራት አልፏል።

«እማማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የቃሲም ነው» አሉኝ፣ ምን ይጠየቃል በሚል ድምፅ።

«ቃሲም ምን ሆነና?»

«ኢንተላኮ፣ የኔ ልጅ፣ ቃሲም ሲመጣ ነው የምውጠው። እሱ እያየኝ ልንቀጠቀጥ? መድኃኒቱ ደግሞ አንዳንዴ ከከተማው ይጠፋል፣ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ያን ቀን ቢጠፋስ?»

ይህን ስህተት የሚሠራ ሌላ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ጤናቸውን፣ ጤናቸውን ራሱን፣ ከወርቃማ ስኒው ጋር ለእንግዳ አስቀመጡት! ጮህኩ። የዛሬ ኪኒን የሚሠራው ለዛሬ እንደሆነ፣ ያለፈውን ቀን ማንም እንደማይመልሰው፣ እንዲህ እየዘለሉ መውሰድ ጉዳት እንዳለው ነገርኳቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ሳበቃ፣ «በረቢ ይዤሻለሁ፣ ለቃሲም እንዳትነግሪ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። አንጀቴን በሉት። እሺ አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የራሴ እናት ከደሴ በስልክ «ደህና ነኝ» ስትለኝ አላምናትም። በዓመት አንዴ ስሄድ በር ላይ ቀጥ ብላ የምትጠብቀኝ ሴትዮ በቀሪው ዓመት እንዴት እንደምትቆም አላውቅም። መጠየቅም ፈርቻለሁ።

እማማ ሩቂያ ከዓረፋ በፊት ባሉት ቀናት ኪኒኑን በሰዓቱ ዋጡ፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ታዛዥ ሆነው አያውቁም። በዓሉ ሲደርስ እጃቸው አርፎ፣ የገብስ ዱቄቱን በቅቤ አሽተው የልጃቸውን ጭኮ ራሳቸው ሠሩ። ቃሲም ገባ። ጣታቸውን እያነካኩ እንዲያሳዩት፣ ጨብጠው እንዲዘረጉ፣ እስከ በሩ ሄደው እንዲመለሱ ጠየቃቸው። ሁሉንም አደረጉለት፣ ሻይም ሳያፈስሱ ቀዱለት። የልጁ ፊት በራ።

«አዮ፣ እናቴ፣ በጣም ጥሩ ነሽ እኮ! እኔ ምን ነበር የምጨነቀው?» አላቸው። «እንዲህ ከሆንሽማ ሙከራዬን ተረጋግቼ ልጨርስ። በየበዓሉ ካልመጣሁ ብዬ አልጣደፍም።»

እማማ ሩቂያ ፈገግታቸውን ባለበት ያዙት፤ ከውስጡ የሆነ ነገር ሲወጣ ግን አየሁ። ስንት ወር ለአንድ ቀን ያጠራቀሙት ጤና ልጃቸውን መልሶ ላከባቸው። ቃሲም ባደረበት ማግስት ጎህ ሲቀድ ጭኮውን ይዞ ሄደ፤ አይጦቹ ይጠብቁታል። እኔ እዚያው ፔርሙስ ይዤ ቆሜ ከንፈሬን ነክሻለሁ። የገባሁት ቃል አለ።

ክረምቱ ገባ። በራዱም እንደገና መሙላት ጀመረ፤ ለቀጣዩ መምጫ፣ መቼም ይሁን መቼ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ኪኒኑን በእጄ ለማስዋጥ ሞክሬ አልሆነም፤ ሥራ ውዬ ስመለስ የቀኑ ኪኒን በራዱ ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት እማማ ሩቂያ ከበረንዳው ወርደው ጭቃው ላይ ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ግን እኔ ከመሬት ሳነሳቸው ሰውነታቸው ሁሉ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቃሌን እዚያው ጭቃው ላይ ጣልኩት። ስልክ አንስቼ ለቃሲም ሁሉንም ነገርኩት፣ በራዱን ጭምር።

 «አይጦቼ እኮ አንድም ቀን አልዘለሉም» አለኝ። ስልኩንም ዘጋ።

እንደሚመጣ ሳይናገር በማግስቱ መጣ። እናቱ ኪኒን አልዋጡም፣ ጭኮ አልሠሩም፣ ስኒ አልወረደም። ያገኛቸው እንደነበሩ ነው። ውሃ ለመጠጣት ብርጭቆ አንስተው ግማሹን ደረታቸው ላይ ሲያፈስሱ ገባ። ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ «ሂንታኡ፣ እንዲህማ አይሆንም፣ አትየኝ» አሉት። እሱ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ ያዘላቸው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ። አይጦቹን ለባልደረባው አደራ ብሎ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። እማማ ሩቂያ በዘጠኙ ቀን ውስጥ ከመንቀጥቀጣቸው ጋር የዓለምን ደስታ አዩ፤ ያጎርሳቸው ነበር፣ ጫማቸውን ያጠልቅላቸው ነበር።

ሲሄድ ሥርዓት አበጅቶ ሄደ። በኪኒኑ ሰዓት ስልካቸው ይጮኻል፤ እሱም በቪዲዮ ደውሎ ሲውጡ ያያል። በራዱ ባዶውን ቀረ። ኪኒኑ በሰዓቱ ሲወሰድ ምን እንደሚሠራ ያን ጊዜ አየን፦ እማማ ሩቂያ ገበያ ወጥተው ከቅቤ ሻጮች ጋር መከራከር ጀመሩ። እኔ ልቤ ቅቤ ጠጣ። የቃሲም ስልክ ግን እያጠረ መጣ። «ዋጥሽ? ጎበዝ። እጅሽን አሳዪኝ። በጣም ጥሩ። በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።» ሦስት ወር ሞላ፣ አራት ወር ሞላ። ጤነኛን ማን ይጠይቃል?

ባለፈው ማክሰኞ ቃሲም ሥራ ቦታዬ ደወለልኝ። ድምፁ ተሰባብሯል። «መንቀጥቀጡ ተመልሷል። ስልኩን ይዛ ፊቷን ማየት አልቻልኩም፣ ሁሉ ነገር ይወዛወዛል። ኪኒኑን በፊቴ ትውጣለች፣ ታዲያ መድኃኒቱ ነው የተበላሸው? ሐሙስ ልምጣ? እባክሽ ሄደሽ እያትና ደውዪልኝ።»

እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ። የኪኒኑን እሽግ አንስቼ ቆጠርኩ፤ አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተረፈ። በራዱን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። እማማ ሩቂያ ትልቅ ሳሕን ፊታቸው አስቀምጠው ጭኮ ያሻሉ። ሁለቱም እጃቸው እስከ አንጓቸው ቅቤ ውስጥ ገብቷል፤ አንዲት ጣት እንኳ ያለቦታዋ አትንቀሳቀስም።

«እማማ!» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። አላፈሩም፣ አልካዱም።

«ደህና ነኝ ባልኩት ጊዜ ማን መጣ?» አሉኝ።

የምናገረው ብዙ ነበረኝ። ልጁ በሐሰት መንቀጥቀጥ እንደተጨነቀ፣ ምርምሩ እንደሚስተጓጎል፣ የሚፈልገው መድኃኒት ለእሳቸው ባይደርስ እንኳ ለሌላ እናት ሊደርስ እንደሚችል። ሁሉም እውነት ነው። አፌን ከፍቼ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ቃሲም ነው፤ መደወሌን መጠበቅ አቅቶታል።

«አየሻት? እንዴት ናት?»

እማማ ሩቂያ ማሸታቸውን አቁመው ያዩኛል። ኪኒን በሰዓቱ ካልተዋጠ የምጮኸው እኔ፣ ሐቅ ካልሆነ የማልጽፈው እኔ፣ የቆጠርኩትን እሽግ በእጄ ይዤ ቆምኩ።

«ና» አልኩት። «አይጦቹን ለሰው ስጥና ና።»

እማማ ሩቂያ ጭኮው ላይ ቅቤ ጨመሩበት።