የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ሰልፈኞች

ሰው ለምን ሰልፍ እንደሚወጣ ብዙ ተጽፏል። ከሰልፍ እንዴት ወደ ቤት እንደሚገባ ግን የጻፈ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? እግር አለህ፣ ቤት አለህ፣ ትሄዳለህ። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ስቶክሆልም መሃል፣ በየካቲት ብርድ፣ ከአንድ ቻይናዊ ተማሪና ከአንዲት የወሎ እናት ጋር አደባባይ ላይ ተገትሬ እስክቀር ድረስ።

ነገሩ የተጀመረው በአውቶቡስ ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ስቶክሆልም ዳር ቴንስታ የሚባል ሰፈር ስኖር፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ሰፈራችንን አልፎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄድ አንድ አውቶቡስ ነበረን። እኔ ሻንጣ ጫኝ ነበርኩ። የፎቅ ጎረቤቴ እትዬ ሐሊማ እዚያው ወጥ ቤት ይሠራሉ። ዌን ደግሞ ከእኔ ቤት አንዷን ክፍል የተከራየ ቻይናዊ ነው፤ ጠዋት የመንገደኞቹን አዳራሽ ወለል ይወለውልና ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስለ ድልድይ ይማራል። ታዲያ አንድ ቀን አውቶቡሱ ሊቀር ነው ተባለ። ተሳፋሪው ትንሽ ነው አሉ። ሌላ መጓጓዣ በዚያ ሰዓት የለም፤ አውቶቡሱ ቀረ ማለት ሥራው ቀረ ማለት ነው። ለዌን ሥራው ቀረ ማለት ደግሞ ትምህርቱም ቀረ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ እናቱ መመለስ ነው።

እኔ የአገሬን መድኃኒት አሰብኩ፤ ሽማግሌ እንላክ አልኩ። እትዬ ሐሊማም ደግ አሰብክ አሉኝ። ችግሩ፣ ስዊድን ውስጥ የሚወስነው ሰው አይደለም፤ ቦርድ ነው። ቦርድ ደግሞ እግሩ ላይ አይወደቅም። ይህን ስንማከር የሰማች ቢርጊታ የምትባል ጡረተኛ ስዊድናዊት ጎረቤታችን፣ እንግዲያው የትራንስፖርቱ ቦርድ የሚሰበሰብ ቀን በራፉ ላይ ሰልፍ እንወጣለን አለች። አነጋገሯ ሽርሽር እንሂድ የምትል ነው የሚመስለው።

ዌንና እኔ ተያየን። የዚያን ቀን ማታ ሩዙን እያማሰለ፣ እኔ የማውቀው ሁለት ዓይነት ሰልፍ ነው አለኝ፤ ካልወጣህ የሚያስጠይቅህና ከወጣህ የሚያስጠይቅህ። ይሄኛው የትኛው ነው? እኔ ምን ልመልስለት፣ የእኔንም አገር ነው የነገረኝ። እሱ ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት ተሰልፎ፣ በመኪና ሽው ብሎ ላለፈ እንግዳ የወረቀት ባንዲራ አውለብልቧል። እኔ ቀበሌ ጠርቶኝ፣ ስም ተቆጥሮብኝ፣ ለማላውቀው ጉዳይ አጨብጭቤያለሁ። ስለ ሁለተኛው ዓይነት ሰልፍ ግን የእሱም አባት የእኔም እናት የሚያወሩት ሬዲዮውን ከፍ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ተርጉሜ ነገርኩት። የእኛም አያቶች ከዚህ የተሻለ አልነገሩንም ብሎ ሳቀ።

ቢርጊታ ከፖሊስ ቲልስቶንድ ማለትም ፈቃድ እንዳወጣች ስትነግረን ጭራሽ ግራ ገባን። ፖሊስ የፈቀደው ሰልፍ ምኑን ሰልፍ ሆነ? ዌን ስሙ የት እንደሚመዘገብ ጠየቃት። የትም አለችው። ይኼ ነው ይበልጥ ያስፈራው።

ቀኑ ደረሰ፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከቦርዱ ሕንፃ ፊት ያለው አደባባይ ላይ ተገኘን። ሰፈርተኛው ጋሪ የሚገፋው ጋሪውን፣ ሻይ የያዘው ሻዩን ይዞ መጥቷል። ዌንና እኔ «አውቶቡሳችንን አትንኩ» የሚል ጨርቅ ግራና ቀኝ ይዘናል። በመሃል አንድ ቁመቱ የባንዲራ እንጨት የሚያህል ፖሊስ ወደ እኛ መጣ። ጨርቁን ጥዬ ልሮጥ አሰብኩ፣ መቼም አልዋሽም። ዌንማ በጨርቁ ፊቱን ሸፈነ። ፖሊሱ የዌን ጓንት መውደቁን አይቶ ኖሮ ጎንበስ ብሎ አነሳለትና፣ እሱ እስኪያጠልቅ የጨርቁን ጫፍ ያዘለት። ከዚያ ሄደ። ዌን ጓንቱን እያየ፣ ፖሊስ መፈክሬን ያዘልኝ አለ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር እስኪመረቅ ድረስ ለስንት ሰው እንደነገራት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰባት ሰዓት ሲሞላ ቢርጊታ ድምፅ ማጉያውን ይዛ አመሰገነችን። አመሰገነችና ሁሉም ሄደ። አንዱ ልጅ ሊያመጣ፣ አንዱ የምሳ ሰዓቱ አልቆበት፣ ዓይናችንን ጨፍነን ስንገልጥ አደባባዩ ጭር ብሏል። እኛ ሦስታችን ቀረን።

ለምን አትሄዱም ነበር ትሉኛላችሁ? በእኛ አገር ምስጋና እኮ የንግግር መግቢያ ነው፤ ከእሱ በኋላ ገና አራት ተናጋሪ ይኖራል። ዌንም ተበተኑ ሳይባል የሄደ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል፤ ማንም ተበተኑ አላለም። እትዬ ሐሊማ ደግሞ ከሁላችንም የከበደ ምክንያት አላቸው፤ ዱዓ ሳይደረግ ከጉባኤ ማን ይነሳል አሉ። ወሎ ውስጥ ሸንጎ ሳይመረቅ አይበተንም። ስለዚህ ቆምን። በረዶው መውረድ ጀመረ፤ ቆምን።

ፖሊሱ ተመልሶ መጣና ምን ያህል ለመቆየት እንዳሰብን በትህትና ጠየቀን። እኔ በአገሬ ደንብ፣ እናንተ እንዳላችሁ አልኩት። የለም፣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ አለኝ። ዌን በክርኑ ጎሰመኝና ፈተና ነው፣ ዝም በል አለኝ። ዝም አልኩ። ፖሊሱ ዝምታችንን አይቶ ስልኩን አወጣና ደውሎ የሰልፉን ፈቃድ አራዘመልን። መብት ሲያጥር እንጂ ሲረዝም አይቼ አላውቅም።

በዚያ ብርድ ውስጥ ነው ዌን ስለ ዲሞክራሲ ያወራኝ። ቃሉን በመጽሐፍ ሲያየው የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ይመስለው ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ የሚገባ ነገር መሆኑን አያውቅም ነበር። ቀጠለና እንዲህ አለ፤ ስዊድኖቹ ተናግረው ወደ ቤታቸው የሄዱት የሚሰማቸው ሰው እንዳለ አምነው ነው፤ እኛ ግን ሰሚ አለ ብለን ስለማናምን እግራችን አልነሳ አለ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ አዳመጥኩት። አንጀቴን በላው። እኔም ልክ እንደዚያው ነኝና።

ከሕንፃው አንዲት ሴት ካፖርቷን ደርባ ወጣች። የቦርዱ ሊቀመንበር ነኝ አለች፤ በመስኮት ስታየን ኖሯል። ቀጥታ ወደ እትዬ ሐሊማ ሄዳ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም በአማርኛ፣ ልጄ፣ አንቺ በተኛሽበት ሰዓት ለእንግዶቻችሁ ቁርስ የምሠራው እኔ ነኝ፤ መንገዴን አትዝጊብኝ አሉ። ተረጎምኩ። ሴትየዋ ሰምታ ተመልሳ ገባች። ዌን አበቃልን አለ። እኔም ጓዙን ሲሸክፍ ታየኝ።

ብዙ ቆይታ እንደገና ወጣች። አውቶቡሱ ይቀጥላል፣ አሁን ይብረዳችኋልና ወደ ቤታችሁ ግቡ አለችን። አጨበጨብን። ዌን እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ ብርድ ነው ቢልም አላመንኩትም። እትዬ ሐሊማ ግን መች ያልቅና፤ ሴትየዋን መዳፏን አስዘርግተው መረቋት። ይስጥሽ፣ ከፍ ያድርግሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። ሴትየዋም እጇን እንደዘረጋች አሚን አለች። አንድ ፎቶ አንሺ በዚያው ሲያልፍ ቀጭ አደረገን።

ያቺን አገር ብዙ ሰው ያማታል፤ ቅዝቃዜዋን፣ ዝምታዋን። ይማት። እኔ ግን ሌሊት አሥር ሰዓት መብራቱን አብርቶ የሚመጣውን አውቶቡስ ባየሁ ቁጥር ተመስገን እላለሁ። ዌን ተመርቆ መሐንዲስ ሆነ። እትዬ ሐሊማም ጡረታ እስኪወጡ በመጀመሪያው ወንበር ሄዱ። ማን እንደሆንን ሳይጠይቅ የሰማንን ሰው፣ ጓንት ያነሳልንን ሰው እንዴት እረሳለሁ?

በማግስቱ ፎቷችን ሰፈራችን ውስጥ በሚታደል ጋዜጣ ላይ ወጣ። ቆራጦች ተባልን፣ ለወጣቱ አርአያ ተባልን። ከሥሩ ደግሞ በደማቁ፣ «እነዚህን ሰዎች ማንም ሊበትናቸው አልቻለም» ይላል። ኧረ ማን ሞከረ? የሞከረ ቢኖርማ በሰባት ሰዓት ቤታችን ነበርን።